የጥር ጎተራ፣ የነሐሴ ኪስ

ከዚህ በታች ያለው የሁለት ሰዎች ወግ ነው። ሁለቱም በአንድ የታወቀ ቤት የሚገኙ ሰዎች አይደሉም፤ በፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳና በቡሬ ስለ ኑሮ ከሚወራው ጨዋታ ተለቅመው የቆሙ ናቸው። አንደኛው ፍኖተ ሰላም ላይ ሒሳብ የሚያስተምር የሦስት ልጆች አባት ነው። ሁለተኛዋ አክስቱ ናቸው። ባላቸውን ከቀበሩ ቆይተዋል፤ ከማንኩሳ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ከልጃቸው ጋር ያርሳሉ፤ ፍኖተ ሰላምን ዛሬም በቀድሞ ስሟ «ወጀት» ይሏታል። ጊዜው ታኅሣሥ ነው። ጾመ ነቢያት ስላልተፈታ ቡናው የተፈላው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው።

አክስት፦ ምንድን ነው እንዲያ አቀርቅረህ የምትጭረው? ቡናው በረደ እኮ።

መምህር፦ የወር ወጪ ነው፣ አክስቴ። የት የት እንደሚፈስ ልየው ብዬ ሁሉንም መዝግቤዋለሁ።

አክስት፦ አገኘኸው?

መምህር፦ ያገኘሁት ይመስለኛል። ባጃጅ፣ የስልክ ካርድ፣ ልጆቹ ከሱቅ የሚያመጡት ብስኩት። ባጃጁን ትቼ በእግሬ ብመላለስ፣ ካርዱን በግማሽ ብቀንስ፣ ብስኩቱን ብከለክል...

አክስት፦ ስንት ይተርፍሃል?

መምህር፦ ከደመወዜ ከሃያ እጅ አንዱ እጅ ቢሆን ነው።

አክስት፦ አየ! ልጅ አስለቅሰህ፣ አንተም በክረምት ጭቃ ተለውሰህ፣ ከሃያ እጅ አንድ እጅ። አሥራ ዘጠኙስ?

መምህር፦ ኪራይና ምግብ ነዋ። ከምግቡም ትልቁ እህል ነው፤ የደመወዜን ሲሶ ይወስዳል።

አክስት፦ እና ሲሶውን ተወት አድርገህ በብስኩት ላይ ዘመትህ።

መምህር፦ እህሉንማ ምን ላድርገው? አይቀር ነገር ይበላል። ሰው ደግሞ «ደመወዝ ተጨምሮላችሁ የለም ወይ?» ይለናል። እውነት ነው፣ ተጨምሯል። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ወጣ፤ በ2018 መስከረም ደግሞ 6,000 ገባ። ግብር የማይነካው የደመወዝ መጠንም ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ጭማሪያችን ከኋላ ነው የደረሰ።

አክስት፦ እኔ ዶላር አላውቅም። ሳሙና ግን አውቃለሁ። በል ንገረኝ፤ እህል የምትሸምት በየስንት ጊዜው ነው?

መምህር፦ ደመወዝ በወጣ ቁጥር። ሃያ አምስት ኪሎ ጤፍ እንገዛለን፤ ወሩ ሳይሞላ ያልቃል፤ ከዚያ ዱቄት በኪሎ ከሱቅ፣ ሲብስም የተጋገረ እንጀራ በቁጥር።

አክስት፦ ይኸው ነው ነገርህ። የምትበላው ዓመቱን ሙሉ ነው፣ የምትገዛው በወር ነው። እህል በወር አይታጨድም፣ ልጄ። በቆሎው ኅዳር ታኅሣሥ ይሰበሰባል፤ ጤፉ እስከ ጥር ይወቃል። ያን ጊዜ ገበያው ይጠግባል፣ ነጋዴው ይኮራል፣ ገበሬው ይለማመጣል። ሰኔ ሲገባ ተራው ይገለበጣል። ነሐሴ ላይ ወጀት ገበያ ወጥተህ የጤፍ ዋጋ ጠይቀሃል?

መምህር፦ ጠይቄማለሁ። ግን ቆዩኝ፣ ይህንን በቁጥር እንየው። እውነተኛውን ዋጋ ትተን በምሳሌ ልያዝ፤ ጥር ላይ 100 ብር የነበረ እህል በየወሩ እየጨመረ ነሐሴ ላይ 130 ደረሰ እንበል።

አክስት፦ እንበል። ከዚያ የሚብስበት ዓመት አለ፤ እዚያም የማይደርስበት አለ።

መምህር፦ ሰው ሁሉ «በጥር ብትገዛ ሠላሳ ብር ታተርፋለህ» ይላል። አይደለም። እኔ የዓመት ቀለቤን ነሐሴ ላይ አልሸምትም፤ በየወሩ ነው። ስለዚህ የምከፍለው የ100ንም የ130ንም መካከለኛ ነው፤ ወደ 115 ገደማ። ትርፉ 15 ብር ነው ማለት ነው፤ እሱም ከእህል ወጪዬ እንጂ ከጠቅላላው ደመወዜ አይደለም። እህሉ ሲሶ ከሆነ ከደመወዜ ላይ የሚተርፈኝ ስንት ይመስልዎታል?

አክስት፦ እኔን ትጠይቀኛለህ?

መምህር፦ ከሃያ እጅ አንድ እጅ አይሞላም። ልክ እንደ ብስኩቱ!

አክስት፦ (እየሳቁ) ቁጥርህ ልክ ይሆናል። እኔ ግን ሌላ ነገር ልጠይቅህ። ባለፈው መስከረም ምን በላችሁ?

መምህር፦ እንጀራ ነዋ።

አክስት፦ እህሉን በምን ገዝተህ?

መምህር፦ ...በዱቤ።

አክስት፦ ለምን? ደመወዝ አልወጣም ነበር?

መምህር፦ ወጥቷል። ግን የልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም አለ፤ የትምህርት ቤት መመዝገቢያ አለ፤ ከቡሄ እስከ መስቀል በዓሉ አያባራም፤ ለእንቁጣጣሽ በግ ባይቻል ዶሮ አይቀርም። የነሐሴና የመስከረም ደመወዝ ለዚህ ነው የሚያልቀው።

አክስት፦ እህሉም የሚወደድ በዚያው ወር ነው። ሁሉም በአንድ ሰሞን ይደርስብሃል። ባለሱቁ ደግሞ በዱቤ ሲሰጥህ በጥሬ ገንዘብ ዋጋ አይሰጥህም። ከዚያ ጥቅምትን፣ ኅዳርን፣ ታኅሣሥን ዱቤ ስትከፍል ትቆያለህ። ጥር ሲገባ እህሉ ረክሶ ገበያው ላይ ተቆልሎ ታየዋለህ፤ ኪስህ ግን ባዶ ነው። አሁንም በወር፣ አሁንም በኪሎ። እኔ የማወራህ ስለ አሥራ አምስቱ ብር አይደለም። ጎታህ ውስጥ ስድስት ኩንታል ቢኖር የመስከረሙ ደመወዝ ለመስከረሙ ነገር ይበቃ ነበር፤ ዱቤ ቤትም አትገባም ነበር። የሚያደኸይህ ዱቤው ነው።

መምህር፦ ስድስት ኩንታል ብለው የቆረጡት ከየት አምጥተው ነው?

አክስት፦ ለአንድ አዋቂ ሰው በዓመት ከአንድ ኩንታል ተኩል እስከ ሁለት አትሳት። ልጆቹ ገና ናቸው። ሁሉንም ደግሞ ጤፍ አታድርገው። ግማሹ ጤፍ፣ የቀረው ዳጉሳና በቆሎ ይሁን።

መምህር፦ ዳጉሳ እንኳ... እንግዳ ቢመጣስ?

አክስት፦ ለእንግዳ ነጩን ጋግር። አንተ በምን አደግህና ነው? አባትህ የዳጉሳ እንጀራ በልቶ ነው እንዲያ ሆኖ ሲያርስ የኖረ።

መምህር፦ እሱስ ልክ ነዎት። ዳጉሳ በካልሲየም ከጤፍም ከስንዴም ይበልጣል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. 2023ን ለዳጉሳና ለመሰሎቹ ሰጥቶ ዓለም አቀፍ ዓመት ብሎ አክብሮታል። እኛ ጠላና አረቄ ውስጥ እንደብቀዋለን እንጂ።

አክስት፦ ጠላውን አትንካብኝ።

መምህር፦ ሌላው ሌላውስ? በእህል ብቻ አይኖርም።

አክስት፦ ሌላውም እንደ እህሉ ነው፤ ጊዜ አለው። ቅቤ በጾም ግዛ። በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ማን ይበላዋል? ባለላሟ ግን ማለቧን አታቆምም። ያን ጊዜ ገዝተህ፣ በኮረሪማና በኮሰረት አንጥረህ ክዳኑን አጥብቀህ ብታስቀምጠው ከፋሲካ አልፎ ለብዙ ወር ይሆንሃል። ሚስትህ የምትገዛው መቼ ነው?

መምህር፦ የፋሲካ ዋዜማ።

አክስት፦ እንዴ! ዶሮውንም የዚያኑ ቀን ነዋ?

መምህር፦ ዶሮውንም።

አክስት፦ ዶሮ በጾሙ መካከል ገዝታ ቤት የተረፈውን እህል እያበላች ብትቆይ ምን አለበት? ሥጋውን ደግሞ ቅርጫ ግቡ። ጾሙ ሲያዝ ጀምሮ በየሳምንቱ እያዋጣችሁ፣ በሬው ሳይወደድ ገዝታችሁ ለሚቀልብ ሰው ስጡ። በርበሬንማ ለእኛ አገር ሰው አልነግርም። ቡሬና ወንበርማ፣ ጃቢ ጠህናን የበርበሬ አገር ሆነው የተፈጨ በርበሬ ከሱቅ የሚገዛ ሰው ሲገጥመኝ ይገርመኛል። በተፈጨው ውስጥ ምን እንዳለበት ማን አየ? ዛላውን በፈረሱላ ሦስት አራት ሆናችሁ ግዙት። አንድ ፈረሱላ አሥራ ሰባት ኪሎ ነው፤ ትከፋፈላላችሁ። ስትገዛ በጆሮህ ግዛ።

መምህር፦ በጆሮዬ?

አክስት፦ ዛላውን አንስተህ ነቅነቅ አድርገው። የደረቀ ከሆነ ዘሩ ውስጡ ይንኳኳል። ድምፅ ከሌለው ውኃ ተርከፍክፎበታል፤ ሚዛን እንዲደፋ ነው። ያ ደግሞ ጆንያ ውስጥ ይሻግታል፤ ገንዘብህንም ሆድህንም ይጎዳል። ሽሮም ቢሆን እህሉን ገዝተህ አስፈጭ። በርካሽ የሚሸጥልህ ሽሮ ጓያ የበዛበት ሊሆን ይችላል፤ ጓያ ደግሞ ሳምንት ከሳምንት ሲበሉት እግር ይይዛል። የዚህ አገር ሰው ያውቀዋል።

መምህር፦ ዘይቱስ? በ2013 ዓ.ም. ፊቤላ የዘይት ፋብሪካ ቡሬ ላይ ሲመረቅ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር ማምረት ይችላል ተብሎ ነበር። ዘይት ደጃችን መጣ ብለን ተደሰትን። ለካ የፓልም ድፍድፉ ባሕር ተሻግሮ በዶላር ነው የሚመጣ። ፋብሪካው ቡሬ ስለሆነ ዘይቱ የቡሬ ዋጋ አይኖረውም።

አክስት፦ ኑጉስ የማን ነው? የእኛ አይደለም? እኛ ቤት በጾም ሁሉም ወጥ በዘይት አይሠራም። ተልባ አለ፣ ሱፍ አለ፣ ኑግ አለ፤ ቆልቶ ወቅጦ ፍትፍት ነው። የእናንተ ልጆች አያውቁትም።

መምህር፦ መብራቱስ? እኛ በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው የምንጋግረው። ቆጣሪው ለአራት ተከራይ አንድ ነው። የመብራት ታሪፍ ብዙ የተጠቀመውን በኪሎዋት ይበልጥ ነው የሚያስከፍል፤ አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲቆጠር እንደ አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ሆነን ከፍ ያለው ውስጥ እንገባለን።

አክስት፦ እንግዲያው በአንድ ቀን በተራ ጋግሩ። ምጣድ መብራት የሚበላው እስኪሞቅ ነው፤ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ከትኩሱ ትቀጥል። እኔ «ምርት» የሚሏትን የሲሚንቶ ምድጃ ካስገባሁ ወዲህ እንጨቴ ወደ ግማሽ ወርዷል። ጭሱም ቀርቶልኛል።

መምህር፦ አሁን ደግሞ እኔ ልቁረጥ። ይኸውልዎት፣ እዚህ ጋ ቡና ብዬ ጽፌያለሁ። በቀን ሁለት ጊዜ ይፈላል። እድር አለ። የጽዋ ማኅበር አለ። እነዚህ ሦስቱ ቢቀሩ...

አክስት፦ ኧረ የእግዜርን ስም ጥራ! እድር ይቅር ትላለህ? ሞት ቀጠሮ ይዞ ይመጣል? ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ምጣዱን፣ ቀባሪውን በገንዘብ ገዝተህ ልትችለው ነው? ያ ወጪ አይደለም፤ ቀድመህ የከፈልከው ነው። ማኅበርም ቢሆን ተራህ በዓመት አንዴ ነው የሚደርስ። በቀረው ወር ሌላው ያበላሃል።

መምህር፦ ቡናውስ?

አክስት፦ ቡናው አይቅር፤ ተራ ይኑረው። ዛሬ እናንተ ቤት፣ ነገ እነ እንትና ቤት። አራት ጎረቤት ናችሁ፤ ወጪው ለአራት ተከፈለ። ደግሞ የእህል ዋጋ የት እንደወረደ፣ ቅቤ ማን ጋ እንዳለ የሚሰማው ቡና ላይ ነው እኮ። አንተ በስልክህ ትሰማለህ?

(በዚህ ላይ ጸሐፊው ከአክስቲቱ ጋር ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ የገበያ ወሬ ይዞ ያደረሰው ቡናና እድር ነበር።)

መምህር፦ መድን ያሉትን ካነሱ አይቀር ልናገር። እርስዎ የጤና መድን አለዎት አይደል?

አክስት፦ የቀበሌውን? አለኝ እንጂ። በዓመት አንዴ እናዋጣለን። አምና ልጄ ታሞ ወጀት ሆስፒታል ሲተኛ ከኪሴ ምንም አልወጣም ማለት ይቻላል።

መምህር፦ እኔ የለኝም። የማኅበረሰብ አቀፉ መድን ደመወዝ ለሌለው ነው፤ ለእኛ ለደመወዝተኞች የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጁ በ2002 ዓ.ም. ቢወጣም ሥራ ላይ መዋሉ ዓመታት ሲጎተት ኖረ። አንድ ልጅ ሳምባ ቢታመምብኝ የወር ደመወዜ ነው የሚሄድ። መዝገቤ ላይ «ሕመም» የሚል ዓምድ እንኳ የለም፤ በየትኛው ወር እንደምጽፈው ስለማላውቅ።

አክስት፦ ለዚያ ለዚያ ትንሽ ገንዘብ ለይተህ አስቀምጥ። በስልክህ ሳይሆን የማታገኘው ቦታ።

መምህር፦ እሺ። አሁን ግን ወደ እርስዎ ልምጣ። የልጅዎ ሠርግ ጥር ላይ ነው?

አክስት፦ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ እግዜር ካለ።

መምህር፦ ስንት ኩንታል ይወጣል?

አክስት፦ እሱን ምን ያደርግልሃል?

መምህር፦ እኔን በብስኩት ሲገመግሙኝ ቆዩ አይደል?

አክስት፦ ...ለጠላው፣ ለአረቄው፣ ለእንጀራው ተደምሮ፣ በሬው ሳይቆጠር፣ ከአሥር ኩንታል አያንስም።

መምህር፦ አሥር ኩንታል! የእኔን ቤት ከዓመት በላይ ይቀልባል። በዚያ ላይ ያው ጥር ነው፤ እህል የሚረክስበት። በሬ ለመግዛት ብለው ስንት ኩንታል በርካሽ ሊሸጡ ነው?

አክስት፦ አንተ የማታውቀው ነገር አለ። እኔ በየሰው ሠርግ ስከፍል ነው የኖርሁ። አንዷ ስትድር እንጀራ ጋግሬ ወስጃለሁ፤ ሌላዋ ስትድር ጠላ ጠምቄ አድርሻለሁ፤ ገንዘብም አስመዝግቤያለሁ። አሁን እኔ ሳልደግስ ብቀር ያ ሁሉ ቀርቶብኝ ይቀራል። እነሱም «ብድራችንን እንዳንመልስ ከለከለችን» ይላሉ።

መምህር፦ ይህንንስ አልከራከርም። የሚመጣው ስንት እንደሆነ ግን ቆጥረውት ያውቃሉ? ለምሳሌ ያለፈው የእህቴ ሠርግ ላይ የመጣው እንጀራና ጠላ የድግሱን ግማሽ ይሸፍን ነበር፤ ግን አባቴ የሚመጣውን ሳይቆጥር ሙሉውን ደገሰ። ግማሹ ተደፋ፣ ለውሻ ተሰጠ። የዓመቱን ማዳበሪያ ዕዳ የከፈለው በሬ ሸጦ ነው።

አክስት፦ እሱስ እውነትህን ነው። የተደፋው ጠላ እኔንም አቃጥሎኛል።

መምህር፦ ብድር የሚመልሱትን ሰዎች ቤት ለቤት ይጠይቋቸው። ማን እንጀራ፣ ማን ጠላ፣ ማን ገንዘብ ይዞ እንደሚመጣ አስቀድመው ይወቁ። የጎደለውን ብቻ ይደግሱ። የከተማ ቢራ በሳጥን መደርደሩም ይቅር፤ እሱ ብድር የለውም፣ ማንም አይመልስልዎትም።

አክስት፦ ቢራውን ሙሽራው ነው የሚፈልገው።

መምህር፦ ሙሽራው ይግዛዋ።

አክስት፦ (ዝም ብለው ቆዩና) ተዝካሩስ? የባሌን ሰባት ዓመት አስቤ ነበር።

መምህር፦ ተዝካር ላይ የቄስ ቃል ይሻላል እንጂ እኔ ምን እላለሁ። ግን የኔታን ይጠይቁ፤ ለነፍስ የሚጠቅመው ፍትሐቱ፣ ጸሎቱና ምጽዋቱ ነው ይሉዎታል። መንደሩን ሁሉ አብልቶ ዕዳ መግባት ሕግ አይደለም።

አክስት፦ የኔታም እንዲያ ይላሉ። ደግሞ ድግሱ ላይ ከፊት የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። (ሁለቱም ሳቁ)

መምህር፦ ቆይ አክስቴ፣ አሁን ነገሩ ገብቶኛል መሰለኝ። ጥር ላይ እህል የሚረክሰው እርስዎና እርስዎን መሰሎቹ በአንድ ጊዜ ስለምትሸጡ ነው አይደል?

አክስት፦ ታዲያ! ወድጄ ነው የምሸጠው? የመሬት ግብሩ ያን ጊዜ ነው፤ የጤና መድኑ መዋጮ ያን ጊዜ ነው፤ የአብቁተ ብድር አለብኝ...

መምህር፦ አብቁተ ፀደይ ባንክ ሆኗል እኮ።

አክስት፦ ስሙ ተቀየረ እንጂ ዕዳው ያው ነው። ሠርግም ያን ጊዜ ነው። ገንዘብ የምሻ ያን ጊዜ ነው፣ ነጋዴውም ያውቃል። ደላላው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። በደርግ ጊዜ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እሱ በቆረጠው ዋጋ ኮታ አስገቡ ይለን ነበር፤ ለሸክም እንኳ የማይበቃ ዋጋ ነበር። ያ በ1982 ቀረ፤ እልል አልን። ዛሬ ደግሞ ኮታ የለም፣ ግን ጥር አለ። ግንቦት ላይ ለማዳበሪያ ስል ሌላ እሸጣለሁ። ነሐሴ ሲመጣ እኔ ራሴ በቆሎ የምሸምትበት ዓመት አለ።

መምህር፦ እርስዎ ገበሬ ሆነው?

አክስት፦ እኔ ገበሬ ሆኜ። በርካሽ የሸጥሁትን በውድ መልሼ እገዛለሁ።

መምህር፦ እንግዲያው እኔ በጥር ልግዛ ማለቴ በእርስዎ ኪሳራ ልብላ ማለት ነው።

አክስት፦ አንተ ባትበላው ነጋዴው ይበላዋል። ግን ልክ ነህ።

መምህር፦ እኔ በየወሩ ገንዘብ አለኝ፣ እህል የለኝም። እርስዎ በዓመት አንዴ እህል አለዎት፣ ገንዘብ የለዎትም። በመካከላችን ያለው ልዩነት በሙሉ ለደላላውና ለመጋዘኑ ነው የሚሄደው። ለምን እርስ በርሳችን አንነጋገርም?

አክስት፦ ከዘመድህ ጋር ብላ ጠጣ እንጂ አትነግድ ሲባል አልሰማህም?

መምህር፦ ሰምቻለሁ። ስለዚህ በጽሑፍ እናድርገው፤ ባለቤቴና ልጅዎ ምስክር ይሁኑ።

አክስት፦ ገንዘቡን ከየት ታመጣለህ? ዱቤ አለብኝ አላልክም?

መምህር፦ የመምህራን እቁብ አለን። ሁሉም የሚሻማው የነሐሴንና የመስከረምን ዕጣ ነው፤ የጥርን ዕጣ ማንም አይጣላበትም። ጥር ለወጣለት ሰው በእኔ የመስከረም ዕጣ እንዲቀይረኝ አስቀድሜ ተነጋግሬያለሁ፤ የሚሰጠኝ በደስታ ነው። ዱቤውን በዚህ ወር እጨርሳለሁ። እቁቡ ሦስት ኩንታል ይገዛል፤ ስድስቱን አይገዛም።

አክስት፦ የቀረውስ?

መምህር፦ ሦስቱን በጥር በገበያው ዋጋ እወስዳለሁ፤ የማንኩሳ ገበያ በዚያ ቀን በዋለበት፣ ደላላ የሌለበት። እርስዎ ግብሩንና መድኑን ከዚያ ይከፍላሉ፤ ለነጋዴ በግድ አይሸጡም። ሌላውን ሦስት ኩንታል እርስዎ ጎታ ውስጥ ያቆዩት። ከግንቦት ጀምሮ ደመወዝ በወጣ ቁጥር በዚያ ወር ዋጋ እገዛዎታለሁ። ዋጋው ከወጣ ትርፉ የእርስዎ ነው፤ ማዳበሪያዎን ይሸፍናል። ከወረደም የእኔ ነው።

አክስት፦ አንተ ከየትኛው ትጠቀማለህ?

መምህር፦ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት። ያ ነሐሴንና መስከረምን ያሻግረኛል። ከዱቤ ቤት ከወጣሁ ይበቃኛል።

አክስት፦ መንገድ ቢዘጋስ? ያ ደግሞ አለ። መንገድ ሲዘጋ የእኔ እህል ማንኩሳ ይቀራል፣ ገዢ ያጣል፤ ወጀት ደግሞ አንተ ሱቅ ለሱቅ ትዞራለህ።

መምህር፦ ለዚያ ነው የመጀመሪያውን ሦስት ኩንታል እኔ ቤት አምጥቼ የማስቀምጠው። ግን እኔ ጎታ የለኝም። የኪራይ ቤት ነው፤ ነቀዝ ይጨርሰዋል።

አክስት፦ ጤፍና ዳጉሳ ከሆነ አትፍራ። ሁለቱን ነቀዝ አይደፍራቸውም፤ ዳጉሳማ ዓመት ከዓመት ቢቀመጥ ምንም አይለው። ችግሩ በቆሎው ነው። በቆሎውን ነቀዝ ሦስት ወር ሳይሞላ ዱቄት ያደርገዋል።

መምህር፦ ለበቆሎው ፒክስ የሚሉት ከረጢት አለ። ውስጡ ሁለት ወፍራም ፕላስቲክ፣ ላዩ ተራ ማዳበሪያ ነው። አንድ በአንድ አጥብቀው ሲያስሩት አየር አይገባም፤ ውስጡ ያለው ነቀዝ አየሩን ይጨርስና ይሞታል። መድኃኒት አያስፈልገውም።

አክስት፦ ግብርና ሠራተኛዋ አሳይታናለች። እኛ ሰፈር ግን ሰዉ ያንን ክኒን ነው የሚጨምር።

መምህር፦ ፎስቶክሲኑን? ኧረ ተዉ! ሰው የሚተኛበት ቤት ውስጥ ጭሱ ሰው ይገድላል። እኛ ቤት ደግሞ አምስታችንም በአንድ ክፍል ነን።

አክስት፦ ታዲያ ከረጢት ውስጥ ከመክተትህ በፊት በቆሎው መድረቁን እወቅ። እርጥብ ከሆነ ነቀዙ ባይበላው ይሻግታል።

መምህር፦ በጨው ነው የሚታወቅ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ደረቅ ጨውና በቆሎውን ጨምሮ ደህና አድርጎ መነቅነቅ፣ ከዚያ ትንሽ ማቆየት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ከተጣበቀ አልደረቀም፤ ካልተጣበቀ ይከተታል።

አክስት፦ ይሄስ ደህና ነው። ጨውማ አይጠፋም። እንግዲያው ሁለት ጤፍ፣ አንድ በቆሎ አሁን፤ የኋላው ዳጉሳና በቆሎ ይሆናል።

መምህር፦ የኋላውም አንዱ ጤፍ ይሁን።

አክስት፦ ጤፉን ጥር ላይ ካላልከኝ ነሐሴ ላይ በነሐሴ ዋጋ ነው የምትወስደው። ኋላ ዘመድ ናት እንዳትል።

መምህር፦ አልልም። የተጻፈ ነው።

አክስት፦ ከረጢቱንስ ማን ይገዛል?

መምህር፦ እርስዎ ጎታ ውስጥ ለሚቆየው እርስዎ፣ እኔ ቤት ለሚመጣው እኔ።

አክስት፦ እንዴ! የኋላውን በቆሎ ለአንተ ብዬ አይደል የማቆየው? አንተማ ባትኖር ጥር ላይ ሸጬ እገላገለው ነበር። ከረጢቱ በአንተ ነው።

መምህር፦ ዋጋው ሲወጣ ግን ትርፉ የእርስዎ ነው ብለናል።

አክስት፦ ትርፉማ የእኔ ነው። ነቀዙ ነው የአንተ።

መምህር፦ በግማሽ እንካፈል።

አክስት፦ ካልክስ በግማሽ ይሁን፤ የሠርጉን እንግዶች ዝርዝር ግን አንተ ትጽፍልኛለህ፤ ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ በአምድ በአምድ አድርገህ። በል አሁን እርሳስህን አንሳ፣ ከአማቶቼ እንጀምር።